ሦስተኛዋ ሽቦ

ቀረብ በሉ። መብራቱ እስኪመጣ አንድ ታሪክ ላውራችሁ። አንተ በሩ አጠገብ ያለኸው፣ ገባ በል፤ ጨለማን ከኋላ ማድረግ ጥሩ አይደለም።

ዱሮ ነው። ባንድ መንደር ጋሽ ደምረው የሚባል፣ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራ ሰው ነበር። ምድጃ ይሠራል፣ ራዲዮ ይሠራል፣ ካውያ ይሠራል። እጁ ፈጣን ነው፤ አንድ መጥፎ አመል ግን አለው። የካውያ ገመድ ውስጥ ስንት ሽቦ አለ? ሦስት። ሦስተኛዋ የመሬት ሽቦ ናት፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ሲያመልጥ ይዛው መሬት የምትወርድ። እሱ ቆርጦ ይጥላታል። "ለምን?" ሲሉት፣ "በሁለቱ ይሠራል አይደል?" ይላል። ይሠራል እኮ! ለዚህ ነው ማንም ያላወቀበት።

ይታይሽ የምትባል ልጅ እሱ ዘንድ ካውያ አሠራች። በማግስቱ ልብስ ስትተኩስ ኤሌክትሪክ ያዛት። ሞተች። ሰዉ "ቀኗ ደርሶ ነው" አለ። ለቅሶ ላይ ቁጭ ብሎ እሱም "ቀኗ ደርሶ ነው" አለ። እናቷ ካውያውን "ከዓይኔ አርቅልኝ" ብላ ሰጠችው። ወስዶ ሱቁ ውስጥ ሰቀለው። ሊፈታው ፈራ። ያጠፋውን ለሚስቱ ለአስካል እንኳ አልነገራትም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ መናገሩ ከብዶት ነው። ግን ይኼ ለሞተ ሰው ምን ይጠቅማል?

የይታይሽ አርባ ዋዜማ ነበር። መንደሩ ውስጥ መብራት ከቀን ጀምሮ የለም። መሸ፤ አንድ ሰዓት ሆነ። ጋሽ ደምረው ከወንዝ ማዶ ምድጃ ሲሠራ ውሎ እየተመለሰ ነው። ብቻውን! መንገዱ በባሕር ዛፍ መሀል ነው። ማን አለ? ማንም።

መጀመሪያ ሸተተው። ምን? የተቃጠለ ጨርቅ። ዝም ብሎ ሄደ። ቀጥሎ ከኋላው የሚጎተት ነገር ሰማ። ሽርርር… ሲቆም ይቆማል። ሲሄድ፣ ሽርርር… ዞረ። ነጠላ የለበሰች ሴት ቆማለች። መዳፏ ጠቁሯል። ከእጇ የካውያ ገመድ ወርዶ መሬት ለመሬት ይጎተታል።

"ማነሽ የኔ እናት?" አለ።

"ጋሽ ደምረው፣ ሦስተኛዋ ሽቦ የት አለች?"

እግሯ ላይ ወደቀ። "ይታይሽ፣ ማሪኝ። በእናትሽ ማሪኝ!"

"እኔማ አንዴ ሞቻለሁ" አለች። "ካውያዬን ዛሬ እትዬ አስካል ከሱቅ ወሰዱት። ለነገው አርባዬ የእርስዎን ነጭ ልብስ ሊተኩሱ።"

ሮጠ! "መብራት የለም፣ ተመስገን፣ መብራት የለም" እያለ ሮጠ። መንደሩ ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጨለማን እንደዚያ ቀን ወዶት አያውቅም። አጥሩ ጋ ደረሰ። የቤቱ በር ክፍት ነው፤ አስካልን አያት። ኩራዝ አብርታ፣ ካውያውን ሰክታ መብራት ትጠብቃለች። እስኪመጣ ድረስ ብረቱን በእርጥብ ጨርቅ ትወለውላለች።

"አስካል! ልቀቂው!" ብሎ ጮኸ።

እናንተዬ፣ መብራት ሲመጣ የመንደር ልጆች ምን ይላሉ?

"መጣ!!!"

መንደሩ ባንድ አፍ ጮኸ። የሱን ጩኸት የልጆቹ ጩኸት ዋጠው።

ከጮኹት ልጆች አንዱ እኔ ነበርኩ። ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ደስ ብሎኝ፣ እየዘለልኩ ነው የጮኽኩት። እስከዛሬ መብራት ሲመጣ አፌን የምይዘው ለዚህ ነው።

ጋሽ ደምረው ከአስካል ቀብር መልስ ካውያውን ፈታው። ሦስተኛዋን ሽቦ ቀጠላት። ለማን? ይኼን ሁሉ እስኪሞት ድረስ ላገኘው ሰው ሲናገር ኖረ፤ ያኔ ለአንዷ ቢናገር ይበቃ ነበር። አሁን በባሕር ዛፉ መሀል የሚጎተተው ገመድ ሁለት ነው ይላሉ። በዚያ መንገድ ብቻችሁን አትሂዱ።

ቆይ… እስቲ ዝም በሉ። ይሸታችኋል? የተቃጠለ ጨርቅ ነው። መብራቱ ሲሄድ ካውያውን ሳይነቅል የመጣ ማነው?