የሻምበል ዘገዬ ቢጫ ጃኬት

የሻምበል ዘገዬ ሬሳ በማሠልጠኛ አውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር በደረቱ ተደፍቷል። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰብሯል። ከበላዩ ካሉት ሦስት የፕሮፔለር ምላጮች አንዱ ደም ነክቶታል። የ1979 ዓ.ም. የግንቦት ፀሐይ ገና በማለዳው የሃንጋሩን ቆርቆሮ ማጋል ጀምራለች። ዝንቦቹ ከሰው ቀድመው ደርሰዋል።

የጣቢያው አዛዥ ኮሎኔል አለምብርሃን ከከተማው ፖሊስ ያስጠሩት መርማሪ መቶ አለቃ ሰማታር ፋራህ ይባላል። የድሬዳዋ ልጅ ነው፤ ገንደ ቆሬ ተወልዶ ያደገ፣ ብዙ የሚያይና ጥቂት የሚናገር ሰው።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አሉት ኮሎኔሉ። «መካኒኩ ሃምሳ አለቃ ዒልሚ ንጋት ላይ ሞተር እየሞከረ ነበር። አስተማሪያችንን በፕሮፔለር አስመታው። አሻጥር ነው! የደህንነት ሰዎች ዛሬ ከአዲስ አበባ ይደርሳሉ። አንተ ፈርምልኝ፣ አለቀ።»

«ከፈረምኩ ምን ይሆናል?»

«ይረሸናላ።» ኮሎኔሉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አልፈርምም ካልክ ደግሞ የጎሳውን ሰው ደበቀ ትባላለህ። አስብበት።»

ሰማታር ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። ሟቹ የቤት ልብስ ለብሷል፤ እግሩ ላይ ነጠላ ጫማ አለ። በሁለቱም ጆሮዎቹ ጥጥ ተወትፏል። ከሆዱ ሥር የታጠፈ ቢጫ ጃኬት ወጣ፤ ሲነፉት ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ዓይነት ነው።

ቀጥሎ ምላጩን አየ። ደሙ ከምላጩ መሐል ጀምሮ እንደ እንባ ቁልቁል ወርዶ ጫፉ ላይ ደርቋል። በአውሮፕላኑ ገላም ሆነ በወለሉ ላይ አንዲት ፍንጣቂ የለችም። ጎማዎቹ ሥር የተወተፉት የእንጨት ማገጃዎች አቧራ ጠግበዋል። አንዱ ግን ታጥቧል፤ ገና እርጥብ ነው። በመጨረሻም ክንፉ ጫፍ ላይ ያለውን ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ ክዳን ከፍቶ አሸተተና መልሶ ዘጋው።

ዒልሚ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ በሃንጋሩ ጥግ ተቀምጧል። ሰማታር በሶማልኛ ሰላም አለው።

«በአማርኛ!» ጮኹ ኮሎኔሉ።

«እሺ፣ በአማርኛ። ዒልሚ፣ ጠዋት ምን ሠራህ?»

«ወላሂ፣ መቶ አለቃ፣ ሞተሩን አስነሳሁ፣ አየሁት፣ አጠፋሁት። ፕሮፔለሩ ሲቆም ልሰግድ ሄድኩ። ስመለስ ሻምበል ዘገዬ ወድቀዋል። እኔ ነኝ የጮህኩት፣ አቦ! የገደለ ሰው ይጮሃል እንዴ?»

«የክንፍ ጫፍ ታንኮቹን አንተ ሞላሃቸው?»

ዒልሚ ግራ ተጋባ። «ለምን ብዬ? ለትምህርት በረራ የውስጡ ታንክ ይበቃል። ትናንት ስሄድ ባዶ ነበሩ።»

የበረራ ተማሪው ዕጩ መኮንን ወልደ ማርያም የተገኘው ምግብ ቤት ነው። ሻዩ ሳይነካ ቀዝቅዟል።

«ዛሬ ጠዋት በረራ አልነበረህም?»

«ከሻምበል ክፍሉ ጋር ነበረኝ፣ ጌታዬ። ግን ወደ ከሰዓት ተዛውሯል ብለውኛል።»

«ሻምበል ዘገዬስ?»

«እሳቸው ጆሯቸውን ታመው ሐኪም ከበረራ አግዷቸዋል። አጠገባቸው ቆመን ካልጮህን አይሰሙንም።»

«ቢጫ ጃኬት የምትለብሱት መቼ ነው?»

«እኛ? ጌታዬ፣ የደቻቱ ወንዝ እንኳ አሸዋ ብቻ እኮ ነው! እሱ ከባሕር በላይ ለሚበር ነው።»

ሻምበል ክፍሉ የዘገዬ የልብ ጓደኛ ነው፤ ከዕጩ መኮንንነት ጀምሮ አብረው የኖሩ። የበረራ ልብሱን እንደለበሰ ቢሮ ውስጥ ተቀምጦ ያለቅሳል።

«ጠዋት ወደ አውሮፕላኑ መጥተህ ነበር?» ሲል ጠየቀው ሰማታር።

«አልመጣሁም። ጩኸት ሰምቼ ነው የሮጥኩት። እንደዚያ ሆኖ ሳየው ከበሩ ማለፍ አቃተኝ።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት አልበረርኩም። ቤት ነበርኩ።»

ሰማታር ሲጋራ አቀበለው። ክፍሉ ሲጋራውን ለመቀበል እጁን ሲዘረጋ ከእጅጌው የላምባ ሽታ መጣ። አሮጌዎቹ ማሠልጠኛዎች የሚጠጡት ቤንዚን ነው፤ ይህ ባለ ተርባይን ሞተር አዲሱ አውሮፕላን ግን ላምባ ላምባ የሚሸት ነዳጅ ይጠጣል።

ሰማታር ኮሎኔሉን፣ ዒልሚን፣ ተማሪውንና ክፍሉን አውሮፕላኑ ፊት ሰበሰባቸው። ሬሳው ተነሥቷል።

«የዒልሚን እጅ ፍቱለት» አለ።

«በምን ሥልጣን?» አሉ ኮሎኔሉ።

«ምላጩን ይመልከቱት፣ ጓድ ኮሎኔል። የሚሽከረከር ፕሮፔለር ሰው ቢመታ ደሙ ግድግዳ ድረስ ይረጫል። ይህ ደም ግን ቀስ ብሎ ቁልቁል ነው የወረደው። ምላጩ ቆሞ ሳለ ሰው በእጁ ቀባው። የገደለው ያ የታጠበው ማገጃ ነው።»

ኮሎኔሉ ቀርበው አዩ። የዒልሚ ገመድ እንዲፈታ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

«ሁለተኛ፣ የክንፍ ጫፍ ታንኮቹ ጢም ብለው ሞልተዋል። ድሬዳዋን ዞሮ ለሚያርፍ ይህ ሁሉ ነዳጅ አያስፈልግም። አንድ ሰው ባሕር ሊሻገር ነበር።»

«ጃኬቱ!» አሉ ኮሎኔሉ። «እንግዲያው ከሃዲው ራሱ ዘገዬ ነው!»

«ጆሮው የማይሰማ፣ ከበረራ የታገደ ሰው? በነጠላ ጫማ፣ ሚስቱን ቤት ጥሎ? አይደለም። ዘገዬ ጃኬቱን ለሌላ ሰው ነው ያመጣው። ወልደ ማርያም፣ በረራህ ተዛውሯል ያለህ ማነው?»

ተማሪው መሬት መሬት እያየ «ሻምበል ክፍሉ» አለ።

«እኔ ያዛወርኩት በረራ የለም» አሉ ኮሎኔሉ።

«ክፍሉ፣ ትናንት ቤት ነበርኩ ብለሃል። እጅጌህ ግን ይህን ነዳጅ ይሸታል። አብራሪ ነዳጅ አይቀዳም፤ ተደብቆ ካልሆነ በቀር።»

ክፍሉ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

«ወደ ሰሜን መድበውኝ ነበር። መንደር ላይ ቦምብ ጣል ሊሉኝ…» ወደ ክንፉ ቀና አለ። «ስገባ ጨለምለም ብሎ ነበር። ክንፉ ላይ የወጣ ሰው መቀመጫው ላይ ጎንበስ ብሎ ይጎረጉራል። ነቅተውብኝ ሊይዙኝ የመጡ መሰለኝ። ማነህ አልኩ። ሁለቴ! ዞር እንኳ አላለም። ከዚያ…»

«እሱ አልሰማህማ» አለ ሰማታር። «ጃኬቱን ወንበርህ ላይ ሊያኖርልህ ነበር። ምን ልታደርግ እንደሆነ ገብቶታል፤ እንዳትሰምጥበት ፈርቶልህ ነው።»

ክፍሉ እንደ ቆሰለ አውሬ ጮኸ።

«መምታትህ የድንጋጤ ነው» ቀጠለ ሰማታር፣ ድምፁን ሳይለውጥ። «ከነያዘው ጃኬት ተሸክመህ አፍንጫው ሥር ማጋደምህና ደሙን መቀባትህ ግን በሐሳብ ነው። ሞተሩን ያስነሳው ዒልሚ እንደሆነ ታውቃለህ። የሶማሌ ስሙን ሰምተው ሌላ እንደማይጠይቁም ታውቃለህ።»

ዒልሚ ገመድ የበላውን አንጓውን እያሻሸ ክፍሉን አየው።

ኮሎኔሉ ወደ ሰማታር ዞሩ። «ቢሆንም ዘገዬ ከሃዲን ረድቷል። ይህ ይጻፋል።»

«ይጻፍ» አለ ሰማታር። «ከአንድ ጣቢያ ሁለት ከሃዲ ሲገኝ ግን፣ ጓድ ኮሎኔል፣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማነው?»

ኮሎኔሉ ጃኬቱን አንሥተው ለተማሪው ሰጡት። «የጣቢያው ንብረት ነው። መጋዘን አስገባው። ሬሳው ሥር ምንም አልነበረም፤ ገባህ?»

«ገባኝ፣ ጓድ ኮሎኔል።»

የደህንነት ሰዎቹ ሲደርሱ ክፍሉን ወሰዱት። ወዴት እንደወሰዱት የጠየቀ የለም።

ሰማታር ወደ ከዚራ ሰፈር፣ ወደ ሟቹ ቤት የሄደው ብቻውን ነው። የዘገዬ ሚስት ሙሉነሽ በሩን ስትከፍት ዓይኗ ደርቋል፤ መሞቱን ነግረዋታል፣ ገዳዩን ግን አልነገሯትም። ሰማታር ነገራት። ጃኬቱንም ጭምር፣ ለማንም እንዳትተነፍስ ብሎ።

ሙሉነሽ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች።

«ክፍሉ ትናንት እዚህ እራት በልቷል» አለች። «ዘገዬ በር ድረስ ሸኘው። ቆመው ቆዩ፤ ሁለቱም የሚሉት ነገር ያላቸው ይመስሉ ነበር። ሰው አልነበረም እኮ፣ መቶ አለቃ፤ እኔ ብቻ ነበርኩ። ግን ፈሩ። ደህና እደር ተባባሉና ተለያዩ።»