የአለቃ ምሳ

«ፊደል ቆጥሮ የቀረ ሰው ኮምፒውተር ቤት ምን ይሠራል?» ያለው የአውቶቡስ ትኬት ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ያለውም አምና ጥቅምት ሦስት ጠዋት፣ መርማሪው ስለ አንድ ስርቆት ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ ነበር። ጸሐፊዋም ስቃለች። ዛሬ መርማሪው እዚያው ድርጅት ለሬሳ ሲጠራ ቂሙን ሆዱ ውስጥ ፈልጎ አጣው፤ እንደ ደነዘዘ ድድ ነበር።

የዳታቤዙ ኃላፊ ሰርቨር ክፍል ውስጥ በግንባሩ ተደፍቷል። ማጅራቱን የመታው የእሳት ማጥፊያ ከጎኑ ተጋድሟል። ከምሳ በኋላ በሩን ቆልፎ የሠራበት ስክሪን ገና አልጠፋም፤ «የአለቃ ምሳ» የሚል የሰንጠረዥ ስም ይታያል።

የክፍሉ ቁልፍ ያላቸው ሌሎች ሦስት ናቸው። ኤሌክትሪሺያኑ ከሰዓቱን ሙሉ ትኬት ሻጮቹ ፊት መሰላል ላይ ነበር። «እኔ የማውቀው ሲበራና ሲጠፋ ነው፤ መሀሉን ለተማሩት ትቻለሁ» አለ።

ሬሳውን ያገኘችው ፕሮግራመር የሟቹ የእህት ልጅ ናት፤ ጠዋት ከአጎቷ ጋር ስትጨቃጨቅ ተሰምታለች። ሥራ አስኪያጁ በየሰዓቱ ሪፖርት እንዲወጣለት አዟት ነበር። ሪፖርቱ የዓመቱን ሽያጭ በሙሉ ጊዜያዊ ሰንጠረዥ ላይ ይገለብጣል፤ ሜሞሪው አልበቃ ሲል ወደ ዲስክ ይፈሳል፤ ያኔ ዲስኩ በሪፖርቱ ስለሚያዝ የትኬት ሻጮቹ ኮምፒውተር ይቆማል። ሰልፈኛው «ሲስተም የሚባለው ሰውዬ ዛሬም አልገባም?» እያለ ያላግጣል።

«አጎትሽ ምን አለሽ?»

«ተይው አለኝ። ሥራ አስኪያጁ ያባርረኛል አልኩት። ከምሳ በኋላ ሪፖርቱን ራሱ ሊያስሄደው ገባ፤ ሲስተሙን ምን ያህል እንደሚያፍን ነገ ለቦርዱ ሊያሳይ።»

«ያንን ሰንጠረዥ ከሌላ ኮምፒውተር ማየት ይቻላል?»

«አይቻልም ጋሼ። የከፈተው ብቻ ነው የሚያየው፤ ሲወጣም አብሮ ይጠፋል።»

ሦስተኛው ቁልፍ ያዥ ሥራ አስኪያጁ ልጅቷ እንድትያዝ ወተወተ፤ እሱ ቁልፉ ቢኖረውም እዚያ ክፍል ከዓመት ወዲህ እግሩን እንዳላስገባ ተናገረ። ሟቹ እንዴት ይንቀው እንደነበር ሲያማርር ግን ምላሱ ቀደመው። «ሰንጠረዡን እንኳ፣ ሁሉን በላ ሊለኝ፣ የአለቃ ምሳ ብሎ ሰየመው።»

«የት አዩት?»

«እዚሁ፣ ኮምፒውተሬ ላይ።»

መርማሪው ሁሉንም ትኬት መሸጫው አዳራሽ ሰበሰበ። አንድ ፖሊስ ካቴና ይዞ ልጅቷ አጠገብ ቆሟል።

«ካቴናውን ወዲህ» አለ መርማሪው፣ ወደ ሥራ አስኪያጁ እያመለከተ። «ሟቹ ሰንጠረዡን የከፈተው ዛሬ፣ ከምሳ በኋላ ነው፤ ከዚያ ክፍል በሕይወት አልወጣም። እርስዎ ከቢሮዬ አየሁት አሉኝ። ከቢሮዎ አይታይም። የሚታየው በአንድ ስክሪን ነው፣ ከሟቹ ትከሻ ኋላ ለቆመ። ሰልፉን ያስረዘመው የእርስዎ ትእዛዝ መሆኑን ነገ ቦርዱ ይሰማ ነበር። እንዳይሰማ መቱት።»

ሥራ አስኪያጁ ውሃ ጠየቀ። የተነሳ ሰው የለም። ካቴናው ሲቆለፍ መርማሪው ደስታ ይመጣ እንደሆነ ጠበቀ፤ አልመጣም።

በሩ ላይ ልጅቷ ደረሰችበት።

«ጋሼ፣ ያን ሪፖርት አልሠራም ብዬው ቢሆን አጎቴ ይኖር ነበር?»

መርማሪው ኮቱን ቆለፈ፤ በሰልፈኛው መሀል አልፎ ሄደ።