የማርስ ውሾች ቋንጣ

በጽናት ከተማ ቀኑ የሚጀምረው ውሾቹ ግድግዳ ሲያሸቱ ነው። ከተማዋ ከማርስ ምድር በታች፣ የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ በተወው ረጅም ዋሻ ውስጥ ተሠርታለች። አየሯን አፍኖ የያዘውን የግድግዳ ሽፋን ሻጋታ ከበላው አየሩ ወደ ውጭ ያመልጣል። ሻጋታውን ገና ሳይታይ የሚደርስበት ደግሞ የውሻ አፍንጫ ብቻ ነው።

የሁሉንም ቀለብ የሚያዘጋጀው «መራጭ» ነበር። መራጭ የውሾቹን የልብ ምት ከአንገታቸው ማሰሪያ፣ የሰዎቹን ደግሞ ከእጃቸው አንባር እያነበበ፣ ለእያንዳንዱ የሚስማማውን እንክብል ከእርሾ የሚጋግር መሣሪያ ነው። ሁለት ጋን አለው፤ አንዱ ለሰው፣ አንዱ ለውሻ። ውሾቹ እዚያው ማርስ ላይ የተወለዱ በመሆናቸው ከእንክብል ሌላ ምግብ አያውቁም።

አንድ ጠዋት የውሾቹ ሐኪም ዶክተር አስካለ ስትገባ ሳህኖቹ ባዶ ነበሩ።

«የውሾቹ ጋን ተበክሏል» አላት መራጭ። «አዲስ እርሾ እስኪደርስ አንድ ወር ይፈጃል። የሰዎቹ ጋን ደግሞ ከሰዎቹ አይተርፍም።»

አስካለ በቀጥታ ወደ መጋዘን ወረደች። መጋዘኑን የሚጠብቁት ጋሽ ደምመላሽ የሚባሉ፣ ፊታቸው ቶሎ የማይፈታ ሽማግሌ ናቸው።

«ጋሼ፣ ከምድር የመጣውን ደረቅ ምግብ ፈልጌ ነበር። ለውሾቹ።»

«ለውሻ?» አሉ ዓይናቸውን አፍጥጠው። «ልጄ፣ ይሄ እኮ ሰው በዓመት አንዴ፣ ለበዓል የሚቀምሰው ነው!»

«አውቃለሁ። ግን እነሱ ካልበሉ ሻጋታውን ማን ያገኝልናል? በዓሉ ላይ ላንደርስ እንችላለን።»

ጋሽ ደምመላሽ እያጉረመረሙ ከፈቱላት። መጀመሪያ ያቀበሏት ቀይ ቋንጣ ነበር። አሸተተችና መለሰችላቸው።

«ይሄ ለእኔና ለእርስዎ ነው። ሽንኩርት አለበት፤ ሽንኩርት የውሻ ደም ይጎዳል፤ ጨውና በርበሬውም አይስማማቸውም።»

«የተፈጥሮ ምግብ አይደል እንዴ?»

«የተፈጥሮ መሆኑ ብቻውን አይበቃም ጋሼ። ምን እንደተጨመረበት ማየት ነው።»

ቀጥለው ያቀበሏትን ደረቅ ዓሣ አጥንቱን ፈርታ ተወችው። ከመደርደሪያው ጥግ ግን ምንም ቅመም ያልነካው የበሬ ሥጋ አገኘች፤ «በረዶ ድርቅ» ነው፣ አቀዝቅዘው ውሃውን ብቻ ያወጡለት። ለእሱ ማባያ ትንሽ ጉበትና የደረቀ ዱባ ጨመረች።

ቁርጥራጮቹን ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈቻቸው። ውሃውን ጠጥተው አበጡ፤ የሥጋው ሽታ ኮሪደሩን ሞላው። ውሾቹ ግን ሽታውን ሲሰሙ ጭራቸውን ቆልፈው ወደ ኋላ አፈገፈጉ። የስድስቱ ውሾች መሪ ዳማ ሳህኑን ሳትነካ ዞር አለች፤ እሷን ያዩት ሌሎቹም ተከተሏት።

በማግስቱም አልበሉም። በሦስተኛው ቀን ዳማ ግድግዳ እያሸተተች ሳለ ጉልበቷ ከዳትና ተኛች። አስካለ የዳማን ራስ ደግፋ ይዛ ውሃ ስታጠጣት ጋሽ ደምመላሽ መጡ።

«ሥጋዬ ሲበላሽ ልይ ብዬ ነው» አሉ። ዳማን ሲያዩ ግን እያቃሰቱ ተንበረከኩ፤ ከሳህኑ አንድ ቁራጭ አንስተው ግማሹን ራሳቸው በሉ።

«ጨው የለውም እንጂ ሥጋ ነው» አሉና የቀረውን በመዳፋቸው ዘረጉላት። «እንቺ እንግዲህ፣ አትኩሪብኝ!»

ዳማ መጀመሪያ ያሸተተችው እጃቸውን ነበር። ብዙ አሸተተችው። ከዚያ ሥጋውን በከንፈሯ ብቻ ቀስ ብላ ወሰደችው። ጋሽ ደምመላሽ እጃቸውን ሳይሰበስቡ እንደዘረጉት ቆዩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዉ ተራ ገብቶ ውሾቹን በእጁ ይመግብ ጀመር። በሁለተኛው ሳምንት ዳማ በሕፃናቱ መኝታ ግድግዳ ላይ ጮኸች፤ ሽፋኑ ሲፈተሽ ሻጋታው ሊበሳው ተቃርቦ ነበር። በሰዓቱ ጠገኑት።

እርሾው ሲደርስ አስካለ መራጭን ጠየቀችው። «ውሾቹ እንደዚህ የነቁት ከየትኛው ነው? ከሥጋው ነው፣ ከጉበቱ?»

«ሥጋው ተስማምቷቸዋል፤ ይቀጥል» አለ መራጭ። «ለውጡ ግን የሚጀምረው ከመብላታቸው በፊት ነው። ሰው አጠገባቸው ሲንበረከክ ልባቸው ይረጋል። ያንን በእንክብል መሥራት አልችልም።»

«የሰዎቹስ ልብ?»

«የሰዎቹም እንዲሁ። እስካሁን አልጠየቅሽኝም።»

አስካለ በዚህች ከተማ ስምንት ዓመት ስትኖር እንክብሏን የዋጠችው ክፍሏን ዘግታ ብቻዋን ነው፤ ሌላውም እንደዚያው።

ምሳ ሰዓት ላይ እንክብሏን ይዛ መጋዘን ወረደች። ጋሽ ደምመላሽ ብቻቸውን ሊበሉ ነበር።

«አብሬዎት ልብላ?»

ወንበር ሳቡላት። የራሳቸውን እንክብል ለሁለት ሰበሩ፤ ግማሹን በሦስት ጣት ይዘው ወደ አፏ ዘረጉ።

«ጋሼ፣ ያው አንድ እርሾ እኮ ነው!» አለች እየሳቀች።

«በሞቴ፣ ጉረሺ።»

ጎረሰች።