ስድስተኛው ሳጥን

አዛውንቱ ሞተው የተገኙት ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በቀኝ እጃቸው የአቧራ ብሩሽ እንደያዙ ነው። የጭንቅላታቸው ጀርባ የብረት መደርደሪያውን ማዕዘን መትቷል። መደርደሪያው ላይ ክዳኑ የተከፈተ ኮምፒውተር ምንም እንዳልተፈጠረ እያጓራ ይሠራል። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ስምንት ተኩል ነበር።

የተጠራችው መርማሪ በባልደረቦቿ ዘንድ «መርፌ» ትባላለች። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የማትገባበት ቀዳዳ ስለሌለ ነው። ከአስከሬኑ ይልቅ ማሽኑን ረዘም አድርጋ አየችው። ከሁለቱ ማራገቢያዎች አንዱ ጥርት ብሎ ተጠርጓል፤ ሌላው አቧራ እንደለበሰ ነው። ከሟቹ የሸሚዝ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣች፣ አነበበችው፣ ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ይሄ ማሽን ምንድን ነው?»

«ፖስታ ቤታችን ነው» አለች አባቷን ያገኘችው ታናሺቱ ልጅ፣ እንባዋን እየጠረገች።

ነገሩን በዝርዝር ያስረዳቻትም እሷ ናት። ሟቹ ጡረታ የወጡ የስልክ መሐንዲስ ነበሩ። የቤተሰብ ደብዳቤ በባዕድ ቤት ማደር የለበትም ብለው የሁሉንም ኢሜይል እዚሁ ቤት፣ በራሳቸው ሰርቨር ያስተዳድሩ ነበር። የእያንዳንዱ አድራሻ መጨረሻ የአዛውንቱ አባት ስም ነው። የኢሜይል ሳጥን ያላቸው እሳቸው፣ ሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ከአራት ዓመት በፊት ያረፉት ባለቤታቸውና ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የታናሺቱ እጮኛ ናቸው። የሚስታቸውን ሳጥን ለመዝጋት እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሽኑን አጥፍተው ያጸዳሉ፤ ከማጥፋታቸው በፊት ግን ለሁሉም ማስታወቂያ ይልካሉ።

«ዛሬም ከአራት እስከ አምስት ተኩል ለጽዳት ይዘጋል ብሎ ልኮ ነበር» አለች። «ደግሞ ስድስት ሰዓት ላይ ሌላ መጣ።»

ስልኳን አሳየቻት። «ለምሳ አትጠብቁኝ፤ ማሽኑ ሥራ አብዝቶብኛል» ይላል። አስከሬኑን ያየው ሐኪም የሞቱበት ሰዓት ከአራት እስከ ሰባት ባለው መሀል ነው ብሏል። እንግዲህ በደብዳቤው ከሄድን፣ አዛውንቱ እስከ ስድስት በሕይወት ነበሩ ማለት ነው።

መርፌ የቤቱን ሰዎች አንድ በአንድ ሳሎን እያስገባች አነጋገረች። ታናሺቱ፣ ለእጮኛዬ የምጽፈውን አባዬ እያነበበ ነው ብላ ባለፈው ሳምንት መጣላቷን ራሷ ተናገረች። በስድስት ሰዓት ብቻዋን ቤቷ ነበረች። እጮኛዋ የመሬት ቀያሽ ነው፤ እሱም መስክ ላይ ብቻውን ነበር። አድራሻውን አልጠየቅኩም፣ ራሳቸው ናቸው የሰጡኝ አለ፤ ሲናገር ዕዳ እንዳለበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው።

ታላቂቱ አስተማሪ ናት። የፈተና ወረቀት ሳርም ነበር ብላ ጀመረችና ሆዷ ውስጥ የከረመው ወጣ።

«ለእሷ ሁሉም ነገር ቶሎ ነው። የእኔ ባል አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሞ፣ የእሷ እጮኛ በታጨ በሳምንቱ ገባ።»

«አባትሽ አድራሻ ለምን ከለከሏቸው?»

«ባሌ መጀመሪያ የመጣ ቀን ማሽኑ ላይ ሳቀ። አባዬን ‹ነጻ ኢሜይል ሞልቶ ይሄን ቆርቆሮ ምን ያደርጉታል?› አለው። አባዬ ቂሙን አይረሳም።»

ባሏ መነጽር ሠሪ ነው። ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ነበር፤ ሦስት ደንበኞች መስክረውለታል። በስድስት ሰዓት የት እንደነበረ በሰው ያስመሰከረ እሱ ብቻ ነው። መርፌ ስለ ሱቁ እየጠየቀችው፣ እሱ መነጽሩን ደጋግሞ እየወለወለ ወደ ሌላ ነገር ገባ።

«ለአንድ አድራሻ ብዬ እቀናለሁ? ልጅ ነኝ እንዴ?» አለ። ቀጥሎ ደግሞ፣ «ቅዳሜ ቅዳሜ የሚስቴ ስልክ ይጮሃል፤ ታነብና ትስቃለች። ምንድን ነው ስላት፣ ‹ምንም አይደል፣ የቤተሰብ ነገር ነው› ትለኛለች። በገዛ ቤቴ!»

መርፌ ስለ ቅናት አንድም ጥያቄ አልጠየቀችውም ነበር።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አራቱን ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ከማራገቢያው ልጀምር» አለች። «አንዱ ተጠርጓል፣ አንዱ አልተጠረገም። አዛውንቱ የሞቱት ጽዳቱ መሀል ላይ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ማሽኑ ጠፍቶ ነበር። እኔ ስደርስ ግን ይሠራል። ሬሳ ማሽን አያበራም።»

የፖሊስ ቴክኒሻኑ ማሽኑ የሚይዘውን መዝገብ አውጥቶላት ነበር። አራት ሰዓት ላይ ጠፍቷል፤ አራት ከሠላሳ አምስት ላይ በርቷል። ማሽኑ ሲበራ የአዛውንቱ ሳጥን ያለ ይለፍ ቃል ይከፈታል። የምሳው ደብዳቤ ከዚያ በኋላ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ተጽፎ፣ ስድስት ሰዓት ሲሆን እንዲሄድ ታዝዟል።

«ስለዚህ በስድስት ሰዓት ማን የት ነበር የሚለው ዋጋ የለውም። ደብዳቤውን የጻፈው ገዳዩ ነው። ለማን ለማን ጻፈ?» ወደ ታላቂቱ ዞረች። «አባትሽ ለሁላችሁም ሲጽፉ እንዴት ነበር?»

«‹ቤተሰብ› ወደሚል አንድ አድራሻ ይልካል። እሱ ለሁሉም ሳጥን ያከፋፍላል።»

«ለእናትሽም ሳጥን ጭምር። የአራት ዓመት ማስታወቂያ እዚያ ተደርድሯል፤ የዛሬ ጠዋቱም አለ። የምሳው ደብዳቤ ግን የለም። የጻፈው ሰው ‹ቤተሰብ› የሚለውን አድራሻ አያውቀውም፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ጻፈ። የሁለታችሁን፣ የቀያሹን፣ በመጨረሻም ከዚህ ቤት ውጭ የሆነ አድራሻ።»

ታላቂቱ ፊቷ አመድ መሰለ። «የባሌን አድራሻ አይቼው ነበር» አለች ቀስ ብላ። «አባዬ በመጨረሻ አስታወሰው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።»

«አሥራ አንድ ዓመት አንዲት መስመር ያልጻፉልዎት ሰው ከሞቱ በኋላ ጻፉልዎት» አለች መርፌ መነጽር ሠሪውን። «ለሦስቱ ብቻ ቢልኩ ይበቃዎት ነበር። ራስዎን መተው ግን አልሆነልዎትም።»

መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ልለምናቸው ነበር የመጣሁት» አለ። «ብሩሹን እንኳ አላስቀመጡም። ‹ታገስ፣ ልጨርስና እነግርሃለሁ› አሉኝ። አሁንም ታገስ! ያ ልጅ አንድ ሳምንት እንኳ ሳይታገስ… ገፋ አደረግኳቸው። እንዲሞቱ አልፈለግኩም።»

መርፌ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቱ ዘረጋችው። በአዛውንቱ የእጅ ጽሑፍ የመነጽር ሠሪው ስም፣ እንደ ሌሎቹ አድራሻዎች ሁሉ፣ ከአዛውንቱ አባት ስም ጋር ተጽፏል፤ ከሥሩ የይለፍ ቃል አለ።

«የእርስዎ ሳጥን የተከፈተው ዛሬ ጠዋት ለአራት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ነው። ከዚያ አዛውንቱ የጽዳት ማስታወቂያውን ወደ ‹ቤተሰብ› ላኩ። ሲጨርሱ ሊነግሩዎት የነበረው ይሄንን ነው። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ያልተነበበ ደብዳቤ አለ።»

መነጽር ሠሪው ያለ መነጽሩ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰ።

«ደብዳቤው ምን ይላል?» አለ በመጨረሻ።

መርፌ ከመመለሷ በፊት ሚስቱ ተነሳች። ወረቀቱን ከፊቱ አንስታ መልሳ አጠፈችው።

«ምንም አይደል» አለችው። «የቤተሰብ ነገር ነው።»