በበረዶው ማለፊያ የወጣ ስም

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ መስከረም ሲጠባ፣ የኢሲክ ኩል ሐይቅ ከኋላ ቀርቶ ነበር፤ የሩሲያው ቄሣር በግዛቱ የሚኖሩትን የኪርጊዝ ሕዝብ ወንዶች ለጦር ግንባር ጉልበት ሥራ እወስዳለሁ ብሎ አዋጅ ቢያስነግር እንቢ አሉት፤ ጦርም ሰደደባቸው፤ መንደሩ ሲቃጠል ከኪርጊዝ ነገዶች አንዱ የሆነው የቡጉ ነገድ የሱፍ ድንኳኑን ጭኖ፣ የተረፈውን በግ እየነዳ፣ ወደ ቻይና በሚያሻግረው የበረዶ ተራራ ማለፊያ ሽቅብ ተሰደደ።

ባሏ የሞተባት ቡሩል የአባቷን ፈረስ እየሳበች ትወጣ ነበር፤ አባቷ ሻርሸን «ቢይ» የሚል የዳኝነት ማዕረግ ያለው፣ ዓይኑ ከጠፋ የሰነበተ ሽማግሌ ነው። ልቧ ግን ከሐይቁ በላይ ባለው የበጋ ግጦሽ ቀርቷል፤ የፈረስ ወተት የሚናጥበት፣ ልጃገረዶች በፈረስ የሚሽቀዳደሙበት ያ ዘመን እንዴት ያለ ዘመን ነበር! እሷ አራተኛ ሴት ሆና ብትወለድ አባቷ «ቡሩል» አላት፤ ዙር፣ ወደ ወንድ ተመለስ ማለቱ ነው። በዓመቱ ወንድሟ ቃልሙርዛ ተወለደ። ሰዉም «ስሟ ሠራ!» እያለ ግንባሯን ይስማት ነበር፤ እሷ ግን ስሟ በተጠራ ቁጥር ሌላ ሰው የሚጠሩ እየመሰላት ወደ ኋላዋ ዘወር ትል ነበር።

ያ ወንድም መንደሩ ሲቃጠል ተገደለ። ነፍሰ ጡር ሚስቱ ባትማ ማለፊያው አፋፍ ላይ ምጥ ያዛት፤ ቡሩል አዋለደቻት።

«ምንድን ነው?» አለ ሽማግሌው።

«ሴት ናት፣ አባባ።»

«የልጄ ቤት ተዘጋ በይኛ! አምጫት፤ ጃኒል እላታለሁ።»

ጃኒል ማለት ስህተት ነው፤ ወንድ ሲጠበቅ ለመጣች ሴት የሚወጣ ስም ነው። አዛውንት በሕፃን ጆሮ የጠራው ስም ደግሞ አይመለስም። ቡሩል ሕፃኗን በበግ ለምዷ ሸፍና አፈገፈገች።

«አልሰጥዎትም!»

«አበድሽ እንዴ? ዳኛ እኮ ነኝ!»

«ይፍረዱብኛ! እኔን ስም ሲያወጡልኝ ያናግሩ የነበረው ያልተወለደውን ወንድሜን ነው፤ እኔንማ መቼ ጠርተውኝ ያውቃሉ? ይኸው ፈረስዎን የምስበው እኔ ነኝ። ይቺ ልጅ ለነገ መድረሷን እንጃ፤ ስህተት ተብላ ትቀበር?»

ሽማግሌው እጁን ዘረጋ። የሕፃኗን እግር ሲዳስስ በረዶ ሆኗል። ካባውን ከፍቶ ደረቱ ላይ ለጠፋት፤ አፉን ከጆሮዋ አስጠግቶም እየደጋገመ፣ «ቱርሱን! ቱርሱን!» አለ፤ ትቆይልን፣ ትኑርልን ማለት ነው። እንባው ጺሙን አረጠበው።

«ቡሩልዬ» አለ ቀጥሎ፣ «ነይ ልጄ፣ ጠጋ በይ፤ አንቺም በርዶሻል።»

ያን ቀን ዘወር አላለችም። «አቤት» አለች።

ቢይ ሻርሸን ማለፊያውን ሳይሻገር ሞተ። ከዓመት በኋላ የተረፉት ወደ ሐይቁ ሲመለሱ ባትማ ከጎን እየተራመደች፣ ሕፃኗ በቡሩል ጀርባ ላይ ነበረች።

ታሪክ አዋጁንና የጦር አለቆቹን መዝግቧል፤ በበረዶው የቀሩትን በጅምላ ነው የቆጠራቸው፤ የሽማግሌውንም ልመና የጻፈ የለም። ነገር ግን ቡሩል አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ቆማ «ቱርሱን!» ብላ ስትጣራ፣ ከልጃገረዶቹ ጨዋታ መካከል «አቤት!» የሚል ድምፅ ይመጣ ነበር፤ ያን ጊዜ አባቷ የለመነው እንደ ደረሰለት ታውቃለች።