የሜዳ ላም

«ፑንዳ ሚሊያ! በግራ! በግራ!» ብሎ ዴኒስ ከኋላ ወንበር ጮኸ። የሚኒባሱ ተማሪ ሁሉ ወደ ግራ መስኮት ተንጋጋ።

ሊሊ የሀያቱን እጅጌ ጎተተች። «ምን አለ?»

ሀያቱ ከሞያሌ ከተነሱ ጀምሮ ስትፈራው የነበረው ጥያቄ መጣ። ከአስፋልቱ ማዶ፣ ጥቁር ድንጋይ በተዘራበት ሜዳ ላይ፣ ባለ መስመር እንስሳት ቆመው ያዩዋቸዋል። ስማቸውን በቦረንኛ ታውቃለች። በስዋሂሊ ታውቃለች፤ በእንግሊዝኛም ታውቃለች። በአማርኛ ግን አፏ ባዶ ነው።

«እ... እነዚያን ተመልከቱ ነው የሚለው» አለች በጣቷ እየጠቆመች።

«ወይኔ! የሜዳ አህያ!» ሊሊ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። «በሕይወቴ የሜዳ አህያ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው እኮ!»

የሜዳ አህያ። ሀያቱ ቃሉን በሆዷ ደጋገመችው። ለካ እንዲህ ቀላል ነው! የቤቱን እንስሳ ስም ይዞ «የሜዳ» ማለት ብቻ። ትንፋሿ መለስ አለላት።

የሀያቱ አማርኛ የተለቀመው ከእናቷ ከሐሚዳ ሻይ ቤት ነው። ሻይ ቤቱ ከኬላው ብዙ አይርቅም፤ ከኢትዮጵያ የሚመጡ የከባድ መኪና ሹፌሮችና ረዳቶቻቸው ቁርሳቸውን የሚበሉት እዚያ ነው። ስለዚህ ሀያቱ ጎማን፣ ፍሬንን፣ ኬላን፣ «ስኳር ቀነስ አድርጊልኝ»ን አሳምራ ታውቃለች። ሻዩን ሳታፈስ ስታቀርብ ሹፌሮቹ «ጎሽ!» ይሏታል። ከአማርኛ ሁሉ የምትወደው ቃል እሱ ነው። ስለ ዱር እንስሳ ግን ሻይ ላይ ያወራ ሰው አጋጥሟት አያውቅም።

ይህን ለቲቸር ጄምስ አልነገረቻቸውም። የትምህርት ቤታቸው የዱር እንስሳት ክበብ ወደ ማርሳቢት ደን የሚሄዱትን ሲመርጥ የእሷ ስም አልወጣም ነበር። ሊሊ ደግሞ ከደሴ መጥታ አክስቷ ዘንድ መኖር ከጀመረች ብዙም አልቆየችም፤ ስዋሂሊም ቦረንኛም አትችልም። እንስሳ ስትስል ግን ወረቀቱ ላይ የሚተነፍስ ይመስላል፤ ክበቡ ያለ እሷ መሄድ አልፈለገም።

«የፓርኩ ጠባቂ የሚሰጠውን መመሪያ በትክክል የሚተረጉምላት ከሌለ አልወስዳትም» አሉ ቲቸር ጄምስ። «አማርኛ በደንብ የሚችል አለ?»

ሀያቱ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ አታውቅም። ያን ቀን አወጣች።

«በደንብ?»

«በደንብ» አለች።

የፓርኩ በር ላይ ጋልማ የሚባሉት ጠባቂ ጠመንጃቸውን አንግተው ጠበቋቸው። ከሜዳው ንዳድ በኋላ ደኑ ሌላ አገር ነበር። ከቅርንጫፎቹ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፤ ጉሙም ገና አልተነሳም።

«እኔ እዚህ ከዝሆን ይልቅ የምፈራው ኛቲን ነው» አሉ ጋልማ በስዋሂሊ። «በተለይ ብቻውን የሚዞረውን። ካያችሁት አትጩኹ፣ አትሩጡ፣ አትጠጉት። አጠገባችሁ ያለውን ሰው ትከሻ ነክታችሁ ወደ ኋላ፣ ፖሌ ፖሌ፣ ቀስ ብላችሁ። ሳዋ?»

«ሳዋ!» አሉ ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ።

«ምን አሉ?» አለች ሊሊ።

ኛቲ። በቦረንኛ ገፈርሳ። በእንግሊዝኛ ብትነግራት ሊሊ ይገባት ይሆናል። ግን ቲቸር ጄምስ አጠገባቸው ቆመዋል፤ «አማርኛውስ?» ማለታቸው አይቀርም። ያኔ ሚኒባሱ ውስጥ ከሹፌሩ ጋር መቅረት ነው። የሀያቱ አንገት በሻርፗ ስር አላበው።

«የሜዳ ላም አለ» አለች። «ካየሽ አትጩኺ፣ አትሩጪ፣ አትጠጊ። አጠገብሽ ያለውን ሰው ትከሻ ነክተሽ ቀስ ብለሽ ወደ ኋላ።»

ሊሊ ሳቋ አመለጣት። «ላም? ኧረ ሙድ አትያዢብኝ! ጠመንጃው ለላም ነው?»

«እንደዚያ ነው ያሉት።»

«እሺ በቃ፣ ላም ሳይ አልሮጥም።»

«አስተርጓሚዋ!» አለ ዴኒስ ከኋላቸው። «ምን ብለሻት ነው የምትስቀው? ቀልድም ትጨምሪያለሽ እንዴ?»

«አርፈህ ሂድ» አለችው ሀያቱ።

የእግር መንገዱ ቁልቁል ወደ ሐይቁ ይወርዳል። ዝንጀሮዎች ከላይ ሆነው ፍሬ ይጥሉባቸዋል፤ ጋልማ እያቆሙ ዱካ ያሳዩአቸዋል። ትንሽ እንደሄዱ ውሃ ፍለጋ የመጡ የሰው ከብቶች መንገዱ ዳር ሲግጡ አገኙ።

«ይኸው የሜዳ ላምሽ!» ሊሊ አንዷን በምላሷ ጠራቻት። «ስታስፈራ!»

ሀያቱ አፏን ከፈተች። «አይደለም፣ ሌላ ነው» ማለት ነበረባት። «ሌላ ምን?» ብትላትስ? ዴኒስ ጆሮውን ጥሎ ከኋላቸው ይሄዳል። አፏን መልሳ ዘጋች።

ጋልማ ድንገት እጃቸውን ወደ ላይ ሲያደርጉ ሰልፉ ቆመ። ከፊት፣ በዛፎቹ መሃል፣ ቀንዱ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ትልቅ እንስሳ ራሱን ቀና አድርጎ ያያቸዋል። ጎኑ ላይ ነጭ መስመሮች ወርደዋል። ሁሉም አንገቱን እያሰገገ ወደ ፊት ተጠጋጋ፤ ቲቸር ጄምስም ሳይቀሩ። ሀያቱ ከጠዋት ጀምሮ የያዛትን ፍርሃት ለመጀመሪያ ጊዜ ረሳች። ይህን ለማየት ነበር የዋሸችው።

«አየሽው?» ብላ ዞረች። ሊሊ የለችም።

ከመንገዱ ወጥታ ነበር። የስዕል ወረቀቷን በግራ እጇ ይዛ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ወደሚታይ ጥቁር ጀርባ እየተጠጋች ነው።

«ሊሊ! ነይ እንጂ!»

ሊሊ አልዞረችም። እርሳሷ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። «ጎሽ» አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ።

ሀያቱን ደስ አላት። በዚህ ሁሉ ጭንቀት መሃል መመስገን! «አመሰግናለሁ፤ አሁን ግን ነይ» ብላ ወደ እሷ ሄደች። ደረቅ ቅጠል ከእግሯ ስር ተንኮሻኮሸ።

«ጎሽ!» አለች ሊሊ እንደገና። ድምፅዋ ተሰነጠቀ።

የሚያመሰግን ሰው እንዲህ አይልም። ሀያቱ ቆመች። ቁጥቋጦው ተነቃነቀና ጥቁሩ ነገር ራሱን አዞረ። ግንባሩ ላይ የተደፋ ወፍራም ቀንድ፣ ጭቃ የደረቀበት ፊት፣ እርጥብ አፍንጫ። ትንፋሹ ይሰማል።

ኛቲ።

የሀያቱ ጉልበት ሩጪ አላት። ሊሊ ግን አልሮጠችም። ዓይኗን ከእንስሳው ሳትነቅል እጇን ወደ ኋላ ዘርግታ ዳበሰችና የሀያቱን ትከሻ ያዘች። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ። ሌላ እርምጃ። እንስሳው አንኮራፋ፤ መሬቱን በሰኮናው ጫረ። ሀያቱ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው እንስሳው ቁልቁል ተወርውሮ ነበር። ቅርንጫፍ እየሰበረ ሄዶ ጠፋ።

ጋልማ ጠመንጃቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሲደርሱ ሁለቱ እንደተያያዙ ነበሩ።

ሐይቁ ዳር፣ ገላጣው ቦታ ላይ፣ ምሳቸውን ይዘው ተቀመጡ። ጋልማ ሊሊን አንድ ጊዜ አዩአት። «ይህች ልጅ ያልኩትን ሁሉ አደረገች። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም፣ ትከሻ ነካች። ማን ነው የተረጎመላት?»

«ሀያቱ ናት» አሉ ቲቸር ጄምስ። ፊታቸው ገና ወደ ቦታው አልተመለሰም። «ጥሩ አድርገሻል፣ ሀያቱ። ከምሳ በኋላ ዝሆኖቹ ወደሚወርዱበት ገደል ስንሄድ ሁለታችሁ ከፊት፣ ከአፈንዴ ጋልማ ኋላ ትሆናላችሁ።»

ዴኒስ እንኳ አጨበጨበ።

«ምን አሉ?» አለች ሊሊ።

ሀያቱ ወደ ሊሊ ዞረች። «ጎሽ አሉኝ።»

ሊሊ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ቆመች። «የት?!»

«ኧረ አይደለም! ጎሽ... ጎበዝ እንደማለት።»

ሊሊ ቀስ ብላ ተቀመጠች። «ቆይ፣ ቆይ። ቅድም ጎሽ ስልሽ አመሰግናለሁ ያልሽኝ...»

«እናቴ ቤት ሹፌሮቹ የሚሉኝ መስሎኝ።»

«እንስሳው ነው እኮ ጎሽ! ስሙ ነው!» ሊሊ አፏን በሁለት እጇ አፍና ሳቀች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሳቁ ግን መሃል ላይ ቆመ። «ታዲያ... ጠዋት የሜዳ ላም ያልሽኝ እሱን ነበር?»

ሀያቱ ሣር ነጨች።

«እኔ እኮ ላም ነው ብዬ ነው የተጠጋሁት» አለች ሊሊ ዝግ ብላ። «ቀንዱን ባላየው...» አልጨረሰችውም።

ከዚያ ሊሊ ጠጋ አለቻት። «አቦ፣ ፊትሽን እንደዚህ አታድርጊ። ለማንም አልናገርም። አንቺ ከቀረሽ እኔም ቀረሁ ማለት ነው፤ ዝሆን ሳልስል ብመለስ ደግሞ አብዳለሁ። ሌላውን እንደምንም እንወጣዋለን። እሺ?»

«እሺ» አለች ሀያቱ። ቀሪውን ቻፓቲ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

ሊነሱ ሲሉ ጋልማ ሰበሰቧቸው። «ገደሉ ጋ ዝሆን ጆሮውን ዘርግቶ ከመጣ ዛፍ አትመኑ። በስተቀኝ ኮሮንጎ አለ። ወደ ኮሮንጎው ግቡ፤ እዚያ አይከተላችሁም። ሳዋ?»

«ሳዋ!»

«ምን አሉ?»

ኮሮንጎ። ቡቲዬ መንደር፣ አጎቷ ቤት ጀርባ ያለው፣ ጎርፍ መሬቱን ቆርሶ የሚያልፍበት፣ ፍየሎች ከፀሐይ የሚሸሸጉበት። ዓይኗ ላይ አለ፤ አፏ ላይ የለም። ወዲያው ግን አንድ ቃል ደረሰላት፤ ጉድጓድ። ሹፌሮቹ መንገዱን ሲያማርሩ የሚሉት። ቅርብ ነው። ማንም አያውቅባትም። ሊሊ እርሳሷን ጆሮዋ ላይ ሰክታ ትጠብቃለች፤ ጋልማም ለመሄድ ዞረዋል።

ሊሊ ዝሆን እየመጣባት መሬት መሬቱን እያየች ጉድጓድ ስትፈልግ ታየቻት።

«አፈንዴ፣ ይቆዩ» አለች በስዋሂሊ። ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ወጣ፤ ሁሉም ዞሩ። «ኮሮንጎን በአማርኛ አላውቀውም። ጠዋት ኛቲንም አላውቀውም ነበር። በስህተት ነው የነገርኳት።»

ዴኒስ ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። ቲቸር ጄምስ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሀያቱ ቀና ብላ ልታያቸው አልደፈረችም።

ጋልማ ተመልሰው በርከክ አሉ። በዱላቸው ጫፍ አፈሩን ረጅም አድርገው ማሱት፤ ዳርና ዳሩን አቆሙት፤ ከኮዳቸው ውሃ አፈሰሱበት። ውሃው መሃል መሃሉን ይዞ ወረደ።

ሊሊ አጎንብሳ አየች። «ፈፋ!»

«ፈፋ» አለች ሀያቱ። አዲሱን ቃል አንዴ ደገመችው። ሚኒባሱ በቆመበት በኩል ያለውን መንገድ በዓይኗ ጫፍ አየችና ፊቷን ወደ ሊሊ መለሰች።

«አፈንዴ ያሉትን ከመጀመሪያው ልንገርሽ» አለች። «ያላወቅኩት ጋ ስደርስ እቆማለሁ።»