ተጠባባቂውን ጥሩት

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። ፋኖሱን ዝቅ አድርጉት፤ ጋዙ ለነገም ያስፈልጋል። በሩ አጠገብ የተቀመጥከው፣ መቀርቀሪያውን እስቲ እይልኝ። ፈርቼ አይደለም። ነፋስ ስለሚገባ ነው።

ሰዓቱ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ነበር። ጨረቃ የለችም። መንገዱ ከከተማ ወጥቶ ወንዙን ተከትሎ እስከ ኮሌጁ የሚሄድ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። በዚያ መንገድ በዚያ ሰዓት ማን ይሄዳል? ጅብ ይሄዳል። ሌላስ? አንለይ ተሰማ ይሄዳል። ብቻውን ነው። በብብቱ ኳስ ይዟል።

ዘመኑ እግር ኳስ ገና ለአገሩ እንግዳ የሆነበት ዘመን ነው። ሽማግሌዎቹ «ተምረው ተምረው ቆዳ ማባረር ጀመሩ» እያሉ ይስቁ ነበር። ኳሱ ከበሬ ቆዳ የተሰፋ ነው፤ አፉ እንደ ጫማ በጠፍር ይታሰራል። ዝናብ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ይከብዳል፤ በግንባሩ የመታው ተማሪ ሁለት ቀን ሒሳብ አይገባውም። ጨዋታ ከተጀመረ ደግሞ ሰው መቀየር የለም። የተሰበረም ተሰብሮ ይጫወታል። ነገር ግን ከጨዋታው በፊት አንዱ ቢታመም ተብሎ አሥራ ሁለተኛ ሰው ይያዛል። ያ ሰው ተጠባባቂ ይባላል። የኮሌጁ ተጠባባቂ አንለይ ነበር።

ተጠባባቂ ምን ይሠራል? ይጠብቃል። ምን ይጠብቃል? የሰው ኮት ይጠብቃል! ከክፍለ ጦሩ ጋር ሲጫወቱ ኮት ጠበቀ። ከሆስፒታሉ ጋር ሲጫወቱ ኮት ጠበቀ። ከስኳር ፋብሪካው ጋር ሲጫወቱ ዝናብ መጣና አሥራ አንዱን ኮት ተሸክሞ ዛፍ ስር ቆመ። ኮሌጁ በዚያ ዓመት አምስት ጊዜ ተጫውቶ አምስቴ አሸነፈ። አንለይም የበኩሉን አደረገ፤ አንድም ኮት አልጠፋም።

አሠልጣኙ መምህር ድንበሩ ይባላሉ። ጨዋታ ሊጀመር ሲል ልጆቹን ያሰልፉና ከወረቀት ላይ አሥራ አንድ ስም ያነባሉ። የተጠራው «አቤት!» ብሎ ወደ ሜዳ ይሮጣል። አንለይ ሁልጊዜ አንገቱን ያቀናል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። መጨረሻ ላይ የሚጠራው የግራ ክንፉ ጫንያለው ነው። «ጫንያለው!» «አቤት!» ወረቀቱ ይታጠፋል። አንለይም አቤቱን ይውጣታል። አምስት አቤት በሆዱ ተጠራቅሞ ነበር።

ይህስ ባልከፋ። ለአባቱ ደብዳቤ ባይጽፍ ኖሮ። «ክቡር አባቴ ሆይ፣ የኮሌጁ ቡድን ውስጥ ገብቻለሁ» ብሎ ጻፈ። ውሸት ነው? አይደለም። እውነት ነው? ኧረ እሱም አይደለም። አባቱ ግራዝማች ተሰማ ደግሞ ኩሩ ሰው ናቸው። «እሑድ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» ብለው በመንገደኛ ላኩበት። ሁለት ቀን በበቅሎ ተጉዘው! እና እሑድ መጥተው ምን ሊያዩ ነው? ልጃቸው የሰው ኮት ታቅፎ ሲቆም!

ቅዳሜ ማታ ነው እንግዲህ። ኳሱ ተተርትሮ ነበርና መምህር ድንበሩ «አንለይ፣ ሮጥ ብለህ ከተማ አሰፋው» አሉት። ሰፊው አስመሸው። ሲመለስ እያለቀሰ ነበር ማለት ይቻላል። «ጌታዬ፣ ከአሥራ አንዱ አንዱን ብቻ ወባ አስይዝልኝ» ብሎ ጸለየ። ይህ ጸሎት ነው? ለማንኛውም ተጸለየ።

አሁን ስለ ወንዙ ልንገራችሁ። ከአራት ዓመት በፊት የኮሌጁ የመጀመሪያ ቡድን ተጫውቶ በጭነት መኪና ሲመለስ፣ የመኪናው መንገድና የእግር መንገዱ በሚገናኙበት መሻገሪያ ላይ ደራሽ ውሃ ወሰደው። አሥሩ ሞቱ። በረኛው ብቻ የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ተረፈ። በረኛው ማን ነበር? መምህር ድንበሩ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በዚያ መሻገሪያ ሲጨልም ስም ይጠራል ይባላል። አንለይም ይህን ያውቃል። እናቱም «ልጄ፣ በጨለማ ቢጠሩህ አቤት እንዳትል፤ አቤት ካልክ የነሱ ነህ» ብለው አሳድገውታል። ከመካከላችን ይህን ሳይባል ያደገ አለ?

መሻገሪያው ጋ ሲደርስ ፊሽካ ሰማ። ወፍ ነው አለ። ሄደ። ከኋላው እርምጃ ሰማ፤ ጫማው ውሃ የቋጠረ ሰው እርምጃ። እንቁራሪት ነው አለ። ሄደ። በብብቱ ያለው ኳስ ከበደው። ሲዳስሰው ረጥቧል። ዝናብ ነበር? አልነበረም። አሁን ምን ይበል? ቆመ።

ከወንዙ ማዶ ነጭ ነገር አየ። አንድ ማሊያ። ሁለት ማሊያ። አሥር ማሊያ ተሰልፏል። ከማሊያው በላይስ? ከማሊያው በላይ ጨለማ ነው። ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ፤ ከዚያ ድምፅ መጣ።

«ዘውገ!»

«አቤት!»

«ልሳነወርቅ!»

«አቤት!»

አቤቱ ሁሉ ውሃ የሞላው ጉሮሮ አቤት ነው። እንዲህ እያለ አሥር ስም ተጠራ። ከዚያ ወረቀቱ ተገለበጠና፣

«አንለይ ተሰማ!»

አንለይ አፉን በእጁ ያዘ። «እኔን አይደለም፤ እርስ በርሳቸው አንለያይ መባባላቸው ነው» ብሎ ራሱን ሸነገለ።

«አንለይ ተሰማ!»

የአባት ስም ጨምሮ መሸንገል አይሆንም። ከንፈሩን ነከሰ።

«አንለይ ተሰማ!»

እጅጌውን አፉ ውስጥ ጎሰረ። ላብ አጠመቀው፤ ግን አቤት አላለም። ጎበዝ ነው? ጎበዝ ነው! ነገሩ እዚህ ላይ አልቆ ቢሆን አንለይ ዛሬ ሽማግሌ ሆኖ ራሱ ባወራልን ነበር።

ድምፁ ግን እንደ ሰለቸው ጸሐፊ ቀዝቀዝ ብሎ እንዲህ አለ።

«የለም? ቀሪ በሉት። ተጠባባቂውን ጥሩት።»

ምን አለ? ተጠባባቂውን! አንድ ዓመት ሙሉ፣ አምስት ጨዋታ ሙሉ፣ በሐሩርም በዝናብም አንለይ የጠበቀው ይህን አንድ ቃል አልነበረም? ሞትን የተቋቋመ አፍ ይህን አልቻለም። እጅጌው ከአፉ ወደቀ።

«አቤት! አቤት! አለሁ! እዚህ ነኝ!»

እየሮጠም ሄደ።

«ብቻውን ከነበረ አንተ በምን አወቅህ?» የሚለኝ ይኖራል። ደስ ይለኛል። ይህን የጠየቀ ሰው ዛሬ በወንዙ በኩል ወደ ቤቱ ይሂድና ራሱ ይጠይቅ።

እሑድ ሆነ። ኳሱ መሻገሪያው ላይ ተገኘ፤ አንለይ ግን አልተገኘም። ጓደኞቹ «አባቱን አፍሮ ተደብቋል፤ ይመጣል» አሉ። ግራዝማች ተሰማ ከፊት ተቀምጠዋል፤ በቅሏቸው ከኋላ ታስራለች። ሌሊቱን ደግሞ ጫንያለውን ወባ ጥሎታል። ያ ጸሎት ደርሶ ነበር! መምህር ድንበሩ አሥር ስም አነበቡ። ወረቀቱ ላይ የመጨረሻውን ስም ሰረዙና ሌላ ጻፉበት። ከዚያም ጮክ ብለው፣

«አንለይ ተሰማ!» አሉ።

«የኔ ነው!» አሉ ግራዝማች፤ ተነሡ። «ሰማችሁ? የኔ ልጅ ነው!»

ሁለተኛ ተጠራ። ሦስተኛ ተጠራ። ይህን ጊዜ ከወንዙ በኩል፣ ከሩቅ፣ ውሃ ከሞላው ጉሮሮ፣

«አቤት!»

በጠራራ ፀሐይ! መምህር ድንበሩ እንዲያ ያለውን አቤት ያውቁታል፤ ወረቀቱ ከእጃቸው ወደቀ። ግራዝማች ግን አላወቁም። እያጨበጨቡ «መጣ! ልጄ መጣ!» አሉ፤ ዓይናቸውን ወደ ወንዙ መንገድ አድርገው። ጨዋታው አለቀ፤ ሰው ተበተነ። እሳቸው እስኪጨልም እዚያው ቆመው ጠበቁ።

ስለዚህ ልጆች፣ በጨለማ ብቻችሁን አትሂዱ። ግድ ሆኖ ከሄዳችሁና ስማችሁን የጠራ ካለ ዝም በሉ። እሱ ቀላል ነው፤ ስሙን ሰምቶ ዝም ማለት ሁሉም ይችላል። የሚያስፈራው ከዚያ በኋላ የሚጠራው ነው። እናንተ ስትጠብቁት የኖራችሁትን፣ ማንም ሳይሰጣችሁ የቀረውን ያን ነገር ሲጠሩ ነው። ያን ጊዜ አፋችሁን በሁለት እጃችሁ ያዙና በልባችሁ እንዲህ በሉ፤

በአሥር ይጫወቱ!